ወጥ አዲስ አበባም አለ

ጥያቄ፦ “ባለቤቴን ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ተከራይተን። ልጅ ገና አልወለድንም፣ ሁለታችንም ሥራ አለን። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የባለቤቴ ቤተሰብ ሐይቅ ለማየት ከአዲስ አበባ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ሆነው መጡና ከዓርብ እስከ እሁድ ከወጥ ቤት አልወጣሁም። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ክትፎ፣ ዱለት፣ የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ሁሉንም ሠራሁ። ሰኞ ወገቤን ይዤ ሥራ ገባሁ። ከወር በኋላ የባለቤቴ ወንድም ሚስት አዲስ አበባ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ‘ሐዋሳ ድረስ ሄደን ሐይቁን በመኪና መስኮት አየነው’ ማለቷን ሰማሁ። አለቀስኩ።

ዘንድሮ ደግሞ አሥራ አንድ ናቸው። አማቴ፣ ዋርሳዬ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር፣ ከአሜሪካ የመጣችው የባለቤቴ እህት ደግሞ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር። የሚመጡት በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። መታጠቢያችን አንድ ነው፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለባለቤቴ ‘ከፊሎቹ ፔንሲዮን ቢያድሩስ?’ ብለው ‘እናቴንና ወንድሜን ከቤቴ ላስወጣ?’ ብሎ ተቆጣ። ወጪውም ከብዶናል፣ ግን እንግዳን ገንዘብ አምጣ አይባልም። ለዓርብ ፈቃድ ጠይቄ ማብሰል ልጀምር ወይስ ታምሜያለሁ ልበል? ‘የወጥ ቤቷ’ ነኝ፣ ከሐዋሳ።”

መልስ፦ እህቴ፣ አትታመሚ። ታማለች ከተባለ አሥራ አንዱ ሰዎች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁሽ ሃያ ሆነው ይመጣሉ። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ።

መጀመሪያ ስለዚያች የለቅሶ ቤት ወሬ ልናገር፤ ደብዳቤሽን የጻፈችው እሷ ትመስለኛለችና። የሰው ወጥ በልቶ ለቅሶ ቤት ማማት ነውር ነው፣ ስፍራውም ጊዜውም አይደለም። ያልሽው ሁሉ ይገባኛል። ግን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ የምደርስበት አንድ ነው፤ ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ሐይቁን አላዩትም። ያላዩት ደግሞ ስለሰነፍሽ ሳይሆን ሰባት ዓይነት ወጥ ስለሠራሽ ነው። ቁርሱ አልቆ ሳይነሣ ምሳው ይደርሳል፣ ምሳው ሲነሣ ቡና ይፈላል፣ ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ዝናቡ ይመጣል። በዚያ ላይ “በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ” እያልሽ ያጎረስሽው ሰው እንኳን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሊወርድ ከሶፋው መነሣት ያቅተዋል።

እኔም አድርጌዋለሁ። በወጣትነቴ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ስኖር የአባቴ ታናሽ ወንድም ሊጠይቀኝ መጣ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወስጄ አስቀመጥኩትና ወደ ድስቴ ሮጥኩ። ስመለስ ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ወፎቹን ያያል፣ ዓሣ አጥማጆቹን ያያል፣ ዝም ብሏል። “ጋሼ፣ ወጡ ቀዘቀዘ” አልኩት። “እሺ” አለ፣ አልተነሣም። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ተመልሼ ጠራሁት። በሦስተኛው ፊቱን ሳያዞር “ልጄ፣ ወጥ አዲስ አበባም አለ” አለኝ። ያን ጊዜ ተቀይሜው ነበር። አሁን ሳስበው እንደዚያ ቀን ጥሩ ነገር ያየ እንግዳ አስተናግጄ አላውቅም፤ ያንንም ያየው እኔ ወጥ እየሠራሁ አጠገቡ ባልነበርኩበት ጊዜ ነው።

የአንቺም ዘመዶች ወጥ አላቸው። ክትፎ በየሰፈራቸው ይሸጣል። የሌላቸው ሐይቅ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ትልቅ ገበታ ብቻ ትሠሪያለሽ፤ እሱም የቅዳሜ እራት ነው። ሌላውን ለሐይቁ ልቀቂለት።

ዓርብን ተመልከቺ። ማታ ደክሟቸው ይደርሳሉ፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እናትየው በቤቱ እያሉ ዓርብ ክትፎ የሚያምረው አይኖርም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አለቀ። ዓሣም አታቅርቢ። ቤተ ክርስቲያን በጾም ዓሣ አትፈቅድም፣ “ዓሣ ይበላል” የሚል ሰው ግን ከየቤቱ አይጠፋም፤ ከአሜሪካ የመጣው አማችሽና አማትሽ በመጀመሪያው ምሽት በዚህ ከተያያዙ ሽሮው ይመርባችኋል። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ ቅዳሜና እሁድ የምትጨነቂበት ጾም የለም። ለዓርብ እራት የሥራ ፈቃድ አያስፈልግሽም ማለት ነው። የፈቃዱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦና ሻይ ይበቃል። ከዚያ በጊዜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ፣ ሁላችሁም አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ናችሁ። አንቺም ጭምር! አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያወርዱ፣ ሲገፉና ሲቆርጡ፣ እነዚያ ሰው የሚያካክሉት ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ደግሞ ትርፍራፊውን ለመሻማት እንደ ወረዳ ባለጉዳይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ማየት ለልጆች ከየትኛውም ቴሌቪዥን ይበልጣል። ምሳችሁ እዚያው ነው፤ ጥብሱ ከዳጣ ጋር፣ ሾርባው ትኩስ። ጥሬ ዓሣ የሚወድ ሰው ከመካከላችሁ ሊኖር ይችላል፣ ሐዋሳ ላይ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ለእንግዳ፣ በተለይ ለልጆችና ለባሕር ማዶዎቹ፣ የበሰለውን ነው የምመክረው። ሳህን የማታጥቢበት ምሳ በሕይወትሽ ስንት ጊዜ ገጥሞሻል? ልጆቹን ግን አስጠንቅቂ፤ ጦጣዎቹ ዳቦ ከእጅ ይነጥቃሉ፣ ሙዝ የያዘ ልጅ ካዩማ አይለቁትም።

ጀልባውን ለባልሽ ስጪው። የእሱ ሥራ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ይነጋገር፤ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ለስንት ሰዓት፣ ደርሶ መልስ መሆኑን ጭምር። ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ይቁጠር፣ ለልጆቹም በልካቸው። ከሌለ አይሳፈሩ፤ “ምንም አይሆንም” የሚል ጀልባ ነጂ ሲገጥመው ወደ ሌላው ይሂድ። በአንድ ጀልባ አትጨናነቁ፣ በሁለት ዙር ሂዱ። ጠዋት ያልኩሽ ለዓሣው ብቻ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ውሃው ይናወጣል፣ በዚህ ወቅት ዝናቡም አለ። ጉማሬ እናሳያችሁ ሲሏችሁ ከሩቅ ይሁን። ጉማሬ ገራም ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ሊመሽ ሲል ደግሞ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት ልጆች ቄጠማው አካባቢ አይሩጡ።

አማትሽን ጀልባ ላይ ለማውጣት አትታገዪ። ሾላ ጥላ ሥር ወንበር ይፈለግላቸው፣ ቡና ይቅረብላቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ አጠገባቸው ትሁን። ውሃ እያዩ መቀመጥ ራሱ መስተንግዶ ነው፣ አጎቴን አስታውሺ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ ሁኚ። የአሜሪካዎቹ ልጆች ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይፈልጋሉ፣ መቼም ሐይቅ ብለሽ ጠርተሻቸዋል። አይግቡ። የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ ያለበት ውሃ ነው፤ በሽታውን የምታመጣው ትል ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ትኖርና በቆዳ ትገባለች። እግር መንከርም መግባት ነው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ አይተው “እነሱስ?” ይሉሻል፤ ከበሽታው ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸው በያቸው። መዋኘት ካማራቸው መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል በከተማው አይጠፋም፣ ወላጆቻቸው ይውሰዷቸው። ወባም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ሰው አጎበር ማንጠልጠል ቅንጦት ይመስለዋል። ለልጆቹ በሙሉ አጎበር ይኑር፣ ከጎረቤት ተዋሺ። ደግሞ ሲሄዱ ንገሪያቸው፤ ወባ ከተነደፉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይታ ነው የምትነሣው። አንዱ ልጅ አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ ገብቶ ቢያተኩሰው ለሐኪሙ “ሐዋሳ ነበርን” ማለት እንዳይረሱ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት፣ ወደ ማደሪያውና ወደ ገንዘቡ።

ባልሽ “ከቤቴ ላስወጣ?” ሲል የተቆጣው በክፋት አይደለም። በእኛ አገር “የመሸበት እንግዳ ነኝ” ያለ ሰው “ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ” ይባላል እንጂ ስንት መኝታ አለ ተብሎ አይቆጠርበትም። በዚህ ነው ያደገው፣ አንቺም እንደዚያው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አልመሸባቸውም። ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀን ቆርጠዋል፣ መኪና አዘጋጅተዋል፣ ልጆቹ ከአሁኑ እየቆጠሩ ነው። ለመሸበት እንግዳ መነጋገሪያ ጊዜ የለም፤ ቀጠሮ ይዞ ለሚመጣ ዘመድ ሦስት ሳምንት ሙሉ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ እሁድ ማታ ማኩረፍ ደግነት አይባልም።

ሐሳቤ ይህ ነው። አማትሽ በሁለተኛው መኝታ ክፍል፣ ከሴቶቹ ልጆች ጋር። ወንዶቹ ሳሎን ፍራሽ ላይ፤ ልጅ ደግሞ ከአክስትና ከአጎት ልጅ ጋር መሬት ላይ ተደርድሮ መተኛትን ከሆቴል አልጋ ያስበልጣል። አንቺና ባልሽ በገዛ አልጋችሁ። ፔንሲዮን የሚሄዱት ሁለቱ ባልና ሚስቶች ብቻ ናቸው፣ የሚሄዱትም ለማደር ብቻ። የአሜሪካዎቹ ልጆች ትንንሽ ከሆኑ ከእናታቸው ጋር ይሂዱ። ይህ “ማስወጣት” አይመስልም፣ አይደለምም። ይልቅ አስቢው፤ አራት ልጅ ያላት ሴት ልጆቿ በሰላም ተኝተው እሷ በሌላ ቤት ሁለት ሌሊት ብታድር፣ ጠዋትም ማንም “እማዬ” ሳይላት ብትነቃ፣ በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት ስለ ሐዋሳ የምታወራው ሌላ ይሆናል።

ይህን የሚናገረው ባልሽ ነው። አንቺ እንዳትደውዪ፤ ምራት ከተናገረችው “አስወጣችን” ይሆናል፣ ልጅና ወንድም ከተናገረው ጉዳዩ የማደሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቃሉም ቀላል ነው፦ “ወንድሜ፣ ቤቱ ለእማማና ለልጆቹ ተዘጋጅቷል። ለእናንተ ለባልና ሚስቱ አጠገባችን ንጹሕ ፔንሲዮን አይቻለሁ፣ የአንድ ሌሊቱ ዋጋ ይህን ያህል ነው፣ ክፍል ላስይዝላችሁ?” ዋጋው በመጀመሪያው ስልክ ይነገር። ካልተነገረ ባልሽ ይሉኝታ ይዞት እሁድ ጠዋት የሁለቱንም ክፍል ሲከፍል ታገኚዋለሽ። በዚህ ወቅት ቅዳሜና እሁድ ክፍል ስለሚያዝ ስልኩ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይደወል።

“እንግዳን ገንዘብ አምጣ አይባልም” ብለሻል። እስማማለሁ፣ አይባልም። ግን እኮ እነሱ ይጠይቁሻል! ከመምጣታቸው በፊት ዋርሳሽም፣ ሚስቱም፣ ያቺም የአሜሪካዋ ይደውሉና “ምን ይዘን እንምጣ?” ይላሉ። አንቺም “ኧረ ምንም፣ እናንተ ብቻ ኑ” ትያለሽ። የችግርሽ ሁሉ መነሻ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። ጠያቂው ከልቡ ጠይቋል፣ አንቺ ከልብሽ አልመለስሽም፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ ብስኩትና አንድ ካርቶን ጭማቂ ይዘው ሲመጡ “አያፍሩም” ትያለሽ። ምን ያሳፍራቸዋል? ምንም አትያዙ ተብለዋል።

ዘንድሮ ሲጠይቁሽ ንገሪያቸው። ለዋርሳሽ ሚስት፦ “የቅዳሜው ዶሮ የሁለታችን ነው፤ ቁሌቱን አንቺ ከዚያ አቁላልተሽ ይዘሽ ነይ፣ ዶሮውንና እንቁላሉን እኔ አዘጋጃለሁ።” ቁሌት መንገድ ይችላል፤ የአንቺንም የሽንኩርት ለቅሶ ግማሽ ቀን ያስቀርልሻል። ከዚያ በላይ ደግሞ ወጡ የእሷም ስለሚሆን አታማውም። ለዋርሳሽ፦ ዘይትና ቡና። ለልጆቹ፦ እያንዳንዱ ብርድ ልብሱንና ፎጣውን። እንጀራውን ራስሽ እንዳትጋግሪ፣ ለሰፈርሽ ጋጋሪ ከአሁኑ እዘዣት።

የአሜሪካዋን ነገር በጥንቃቄ ያዙ። እንደ ልማዱ ሁሉንም እሷ እንድትከፍል ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል፤ እሷም ስታፍር ትከፍላለች፣ ተመልሳ ስትሄድ ይከነክናታል። ለእሷ አንድ ነገር ብቻ ስጧት፤ የጀልባው ሂሳብ የእሷ ነው በሏት። የቅዳሜው ዓሣ የባልሽ ነው። ሁሉም የየራሱን ካወቀ ሂሳብ ሲመጣ “እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል” እየተባለ አስተናጋጁ እጅ ላይ የሚካሄደው ትግል ይቀራል። እኔ በዚያ ትግል መካከል የሻይ ብርጭቆ ሲሰበር አይቻለሁ።

ውሃው ቀላሉ ነው። ፈረቃው ሲመጣ ሮቶው ይሙላ፣ ሮቶ ከሌላችሁ ጀሪካኑን ሁሉ ባልሽና ወንዶቹ ልጆች ይሙሉት። ገላ መታጠብ ማታ ለልጆች፣ ጠዋት ለአማትሽ፣ ባልና ሚስቶቹ በፔንሲዮናቸው። በቃ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ቢመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ሰው ይተኛል፣ ቡና ይፈላል፣ አንቺና የዋርሳሽ ሚስት ዶሮውን አብራችሁ ታወጣላችሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ሁለት ሰዓት ብቻቸውን ከቆዩ ያ የለቅሶ ቤት ነገር ሳይነሣ አይቀርም። አንቺ አታንሺው። እሷ ካነሣችው “እውነትሽን ነው፣ ሐይቁን አላሳየኋችሁም ነበር” በያት፣ ሥራሽን ቀጥዪ።

እሁድ ጠዋት አማትሽ ገብርኤል ማስቀደስ ይፈልጋሉ፣ ባልሽ ይዟቸው ይሂድ። ጉልበት ያለው ታቦር ተራራ ወጥቶ ከተማውንና ሐይቁን ባንድ ላይ ይይ፤ ከእነሱ ጋር አንቺም ውጪ። ቁርሱ የቅዳሜው ትራፊ በፍርፍር ነው። ቀትር ላይ ይነሡ፤ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ልጅ የጫነ መኪና በዝናብ ማታ መንገድ ላይ ባይገኝ ይሻላል። “ምሳ ሳትበሉ?” እንዳትዪ። አደራ። እሱን ካልሽ እንደገና ድስት ትጥጃለሽ፣ እነሱም በጨለማ ይገባሉ።

የጠየቅሽኝ የፈቃድ ነገር ቀርቷል። ዓርብ ሥራሽን ሥሪ። ፈቃዱን ለሰኞ ጠይቂ፤ አሥራ አንድ ሰው የተኛበት አንሶላ የሚታጠበው ያን ቀን ነው፣ ውሃው ከመጣ። ካልመጣም አንሶላውን ተዪውና ወደ ሐይቁ ውረጂ።